በአሥራ አራት የተገለበጠችው መኪና

የካቲት 13 ቀን 2015፣ ሰኞ። ካርቱም፣ ዴም

ዐቢይ ጾም ዛሬ ገባ። ይህን ደብተር የገዛሁት የመለዋወጫ ዝርዝር ልጽፍበት ነበር፤ ግን ሰው የሚያዋራው ሲያጣ ከወረቀት ጋር ያወራል። ቀኑን በኛ ነው የምጽፈው። ጋራዡ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የነሱ ነው። ለሥራ የነሱን፣ ለጾምና ለሙት ዓመት የኛን እቆጥራለሁ። እዚህ አሥራ ሰባት ዓመት ስኖር አንድ ቀን እንኳ ተምታቶብኝ አያውቅም።

ሁዘይፋ ነጯን መኪና ክፈቷት አለን። ሁዘይፋ የጋራዡ ባለቤት ነው፤ እኔ ላሜራ ቀጥቃጭና በያጅ ነኝ፣ እዚህ ሰምከሪ ይሉኛል። የኮሪያ መኪና ናት፣ በነሱ የ2016 ሞዴል። ዐምና ሚያዝያ ላይ በፖርት ሱዳን መንገድ ሦስት ጊዜ ተገልብጣ፣ ኢንሹራንሱ አትጠገንም ብሎ ለባለቤቷ ከፍሎ ጥሏታል። ሁዘይፋ ከጨረታ ለቀማት። ጣሪያዋ ወንበሯ ላይ ተኝቷል።

«ያላ ያ ዓለም» አለኝ፣ ዓለምነህን አሳጥሮ፣ «ለዓይን ትብቃ እንጂ ሌላውን ተወው።»

የካቲት 16

ከሌላ የመኪና ሬሳ ላይ ጣሪያ ቆርጠን አመጣንላት። ሻንሲዋን በሰንሰለት ጎተትነው። ተቃንቷል ይላሉ፤ መሪዋ ግን ወደ ግራ ይስባል። ኤርባጎቿ ፈንድተዋል፣ ሌላ አልተገዛላትም። ክዳናቸውን በማስቲሽ አጣበቅንና የማስጠንቀቂያ መብራቱን ሽቦ ከዘይቱ መብራት ጋር አሰርነው፤ አብሮ ይበራል፣ አብሮ ይጠፋል። ገዢው ቁልፉን ሲያዞር ሁሉ ነገር በሥርዓቱ ያለ ይመስለዋል።

የሚገዛት ምስኪን ማን ይሆን? እኔ እንኳን ልገዛት ጥላዋ ሥር ቁጭ ብዬ ሻይ አልጠጣም።

የካቲት 21

ምሰሶው ላይ ደረስኩ። በሾፌሩ በርና በኋላው በር መካከል ያለው ምሰሶ የመኪና ወገብ ነው። ከጎን የመጣ መኪና ቢመታት ከሾፌሩና ከጀርባው ከሚቀመጠው ሰው ፊት የሚቆም ሌላ ነገር የለም። ቦታውን እንዲይዝልኝ ሦስት ቦታ ነካ ነካ አድርጌ በየድኩት። ከዚያ መብራት ሄደ። ነገ ዙሪያውን ሙሉ እበይደዋለሁ። ሁዘይፋ ለዓይን ቢልም ምሰሶ ላይ አልቀልድም። የኔ ብየዳ ለቆ አያውቅም፤ ይህን ጠላቴም ይመሰክርልኛል።

የካቲት 22

አምስት ዓመት ሰላም የማንባባለው ተድላ መጣ። ጋራዡ ድረስ። ነጯን መኪና ሊያይ።

ወፍሯል። ሁዘይፋ ትከሻውን አቅፎ አዞረው። የታክሲ ሥራ ሊጀምርባት ነው አሉ። እኔ ከሥር ነበርኩ፣ ጫማውን አየሁት። እስኪሄድ ድረስ አልወጣሁም።

የካቲት 23

መብራት ነበረ። ኤሌክትሮድም ነበረ፣ ግማሽ እሽግ።

ምሰሶው ላይ ስቱኮ ለጠፍኩበት። በብርጭቆ ወረቀት አለሳለስኩት። ነገ ዓርብ ነው፣ ቅዳሜ ቀለም ይገባል። ሁዘይፋ መጥቶ በመዳፉ ዳሰሰውና «ተማም» አለ፣ አሪፍ ነው ማለቱ ነው። እሱ አልጠየቀም፣ እኔም አልተናገርኩም።

የካቲት 24፣ ዓርብ

ሥራ የለም። ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

በ2010፣ በመስከረም ማለቂያ፣ እዚሁ ዴም አንድ የሐበሻ ሻይ ቤት ሰባት ሆነን ተቀምጠን ሳለ ከሻ ገባ። ከሻ ማለት ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ስደተኛ የሚያፍስበት ነው። የኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ከተቃጠለ ሁለት ወር አልፎታል። የተድላም ተቃጥሏል፤ እኔ አውቃለሁ፣ አብረን ነበር የምናሳድሰው። ተድላ ገዳሪፍ የስደተኞች ሰፈር ተወልዶ ያደገ ነው፣ ዐረብኛው ከነሱ አይለይም። መኮንኑ እሱን ከነሱ ቆጥሮት «ከነዚህ ውስጥ ወረቀት የሌለው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀው።

ተድላ አፉን አልከፈተም። በአገጩ ወደኔ ጠቆመ።

በአገጩ! በእጁ እንኳ አይደለም። በግ ገዢ «ያኛውን» እንደሚለው።

እሱን ለቀቁት። እኔን ሦስት ወር አሰሩኝ። እናቴ ኅዳር ሁለት ቀን አረፈች። ስወጣ አርባዋ ወጥቶ ተዝካሯ ተበልቷል። እኔ በዚያን ቀን ምን እያደረግኩ እንደነበር ሳስብ ቅማሌን እየለቀምኩ ነበር። ለእናቱ ያላለቀሰ ልጅ በኋላ ቢያለቅስ ዕንባው የት ይወድቃል? ተድላ አንድም ቀን መጥቶ «ነፍስ ይማር» አላለኝም። ይኸው አምስት ዓመት ሰላም አንባባልም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

ከዚያ በኋላ ራሔል የምትባል የጎንደር ልጅ አግብቷል፣ ገሊላ የምትባል ሴት ልጅ አለችው። እሱ የኛን ዘመን አቆጣጠር ፈጽሞ አያውቅም። ልጅህ መቼ ተወለደች ብለው በአማርኛ ሲጠይቁት ሚስቱን ያያል። ሰው ይስቅበታል። እኔም አንድ ጊዜ ስቄያለሁ።

ለምን ይህን እንደጻፍኩት አላውቅም።

መጋቢት 3

ነግሬዋለሁ።

ዛሬ መጣና እፊቴ ቆመ። መኪናዋ ቀለሟ ደርቆ እንደ ሙሽራ ታበራለች። ሁዘይፋ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ስልክ ያወራል።

«ዓለምነህ አኹይ» አለኝ። ወንድሜ ማለቱ ነው። «ይህቺ መኪና ሓዲስ፣ አደጋ፣ ገጥሟት ያውቃል? ሁዘይፋ ወላሂ ንጹሕ ናት ይላል። አንተ ግን ሐበሻ ነህ፣ ሐቁን ትነግረኛለህ።»

«ተገልብጣለች» አልኩት፣ ሁዘይፋ እንዳይሰማ በአማርኛ። «በአሥራ አራት፣ ሚያዝያ ላይ። ኢንሹራንስም ጥሏታል።»

«በአሥራ አራት?»

«በአሥራ አራት።»

ወደ መኪናዋ አየ፣ ወደኔ አየ። ከዚያ ሳቀ፣ «አንተ ዞል!»፣ አንተ ሰውዬ፣ ብሎ ትከሻዬን መታ አድርጎ ሄደ።

ለምን እንደሳቀ እኔ ምን አውቃለሁ። የጠየቀኝን መለስኩለት። በአገሬ ቋንቋ፣ በአገሬ ዘመን። መጽሐፍ ቢያስመቱኝም እምላለሁ፤ ነግሬዋለሁ።

መጋቢት 4

ሳጃና ሰፈር አንድ የሐበሻ ቡና ቤት ገብቼ ከጀርባዬ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። «ዓለምነህ ሰምከሪው ቅናት ሊገድለው ነው አሉ። ተድላን እንዳይገዛ ሊያስፈራራው፣ የ2016 ሞዴል መኪና በ2014 ተገልብጣለች አለው። ሳትሠራ ተገለበጠች!» ሳቁ። አስተናጋጇም ሳቀች።

እኔም ስኒዬ ውስጥ ሳቅኩ። ይሳቁ። በኋላ የሚስቅ አለ።

መጋቢት 10፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስወጣ ራሔል በር ላይ ጠበቀችኝ። ልጅቷ ነጠላዋን ይዛለች። አምስት ዓመት ሳልፋት እንዳላየሁ ነበር የምሆነው፣ ዛሬ ግን መንገዴ ላይ ቆመች።

«ጋሽ ዓለምነህ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባልሽ ጠይቆኛል እንዳትለኝ። አንተ ብትሆን ትገዛት ነበር?»

«እኔ መኪና መንዳት አልችልም» አልኳት። እውነቴን ነው።

«ልጄ ናት ከኋላ የምትቀመጥባት።»

ምን ልበላት? ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ተድላን ግቢው ውስጥ አየሁት። ነጠላውን አደግድጎ ከሽማግሌዎች ጋር ቆሟል፣ እንደ ጻድቅ። «እኔ ነኝ በእጄ የሠራኋት» አልኳትና መንገዴን ቀጠልኩ። እሷ ከኋላዬ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች።

ይኼ ውሸት ነው? አይደለም። በእጄ ነው የሠራኋት።

መጋቢት 18

ገዛት!

የነሱ ረመዳን ገብቷል፣ ሁዘይፋ ጾሙን ስለያዘ ሻይ እንኳ አልተጠጣም። ውል ተፈራረሙ፣ «መብሩክ» ተባባሉ። በውሉ ላይ ስለ ኢንሹራንስ አንድ መስመር የለም። ተድላ በመስኮቱ ብቅ ብሎ አመልካች ጣቱን አነሳልኝ፤ ሰላም ማለቱ ነው። መሪዋ ወደ ግራ ሲጎትተው አየሁ።

እየነዳህ ተማር። አንተ በአገጭህ አንድ ጊዜ ጠቆምክ፣ እኔ አፌን አንድ ጊዜ ዘጋሁ። ተካክለናል። አይደለም፤ ገና አልተካከልንም። እናት በምን ትካሳለች? አንድ መንታ መንገድ ላይ፣ አንድ የውሃ ቦቴ ከጎኑ ሲመጣበት፣ ያኔ ያስበኛል። ያን ጊዜ እኔ ቁጭ ብዬ ሻዬን እጠጣለሁ።

ዛሬ ምግብ ተበላልኝ። በደንብ ከበላሁ ሰንብቷል።

መጋቢት 27

ኦምዱርማን ድልድይ ላይ መኪናው ተጨናንቆ የኔ አውቶቡስ ከነጯ መኪና ጎን ቆመ። ሥራ ጀምሯል፣ ከፊት ደንበኛ ተቀምጧል። ከኋላ፣ ከአባቷ ጀርባ፣ ገሊላ። የትምህርት ቤት ልብሷን እንደለበሰች እንቅልፍ ወስዷት ጭንቅላቷን ምሰሶው ላይ ደገፍ አድርጋለች።

ምሰሶው ላይ።

ሌላ የምትደገፍበት ቦታ የላትም እንዴ? የመቀመጫ መደገፊያ አለ አይደል። እናቷስ ምን ታደርጋለች?

እኔ ነግሬያለሁ።

መጋቢት 28

በሕልሜ ምሰሶውን ስበይድ አደርኩ። ኤሌክትሮዱ አልቀጣጠል አለ።

ሚያዝያ 6፣ ስቅለት

ስንሰግድ ዋልን። ማምሻውን ካህኑ ወይራ ይዘው ቆሙ፣ ሰው በየተራ እየጎነበሰ ኃጢአቱን ይናገራል፣ በወይራው ጀርባው ይጠበጠባል፣ ስግደት ይታዘዝለታል። እኔ ሐሜትን ተናገርኩ፣ ስካርን ተናገርኩ፣ ሁለት ዓርብ በዘይት የተጠበሰ ዓሣ መብላቴን ሁሉ ተናገርኩ።

«ቂም የያዝክበት ሰው አለ ልጄ?» አሉኝ።

«የለም አባ።»

አንድ ጊዜ ብቻ መቱኝ፣ ቀስ አድርገው። ጠንከር አድርገው ቢመቱኝ ደስ ባለኝ። ተድላ ከኔ ሦስተኛ ነበር። ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ጆሮዬን ጥዬ ነበር፣ አልሰማሁም። ግን መቶ ስግደት አዘዙት። መቶ! እያለከለከ ሰገደው። ከጎኔ የነበረው ሻምበል፣ የቤት ተጋሪዬ፣ «ምን ቢሠራ ነው?» አለኝ። «ምን አውቃለሁ» አልኩት።

ለልጅቷ ስል እነግረዋለሁ። ለሱ ስል አይደለም። ከፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ። መኪናዋን አምጣት እለዋለሁ፣ ያልጨረስኩት ነገር አለ።

ሚያዝያ 7

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ተኩስ። መጀመሪያ ነጎድጓድ መስሎን ነበር፤ ለካ የመንግሥቱ ጦርና ፈጥኖ ደራሹ ጦርነት ገጥመው ነው። አውሮፕላን። መስተዋቱ ረገፈ። ሻምበልና እኔ ኮሪደሩ ላይ ተኝተናል።

ሚያዝያ 8፣ ፋሲካ

ውሃ የለም፣ መብራት የለም። ጾሙን በፉል ፈታን። አምሳ አምስት ቀን ፉል በልቶ በፉል የሚፈስክ ከኛ በቀር የት ይገኛል አልኩት ለሻምበል። አልሳቀም።

ሚያዝያ 12

ሻምበል ውሃ ፍለጋ እንደወጣ ዘመዶቹ ጋ ሄዷል፣ ደውሏል፣ ደኅና ነው። እኔ ብቻዬን ነኝ። ጋራዡ ተቃጥሏል ይላሉ። የአውቶቡስ ዋጋ የሚቀመስ አይደለም። አምስት ዓመት ከሰው ሳልስማማ ኖሬ አሁን ደውዬ «ውሰዱኝ» የምለው ሰው ቆጠርኩ። አጣሁ።

ሚያዝያ 16። መንገድ ላይ፣ ከመደኒ በፊት

ንጋት ላይ በሩ ተደበደበ። ተድላ ነው። መኪናዋ ሞተሯ አልጠፋም።

«ውጣ። ቦታ አለ። ያላ፣ ያላ!»

ደብተሬንና አንድ ከረጢት ያዝኩ። ራሔል ከፊት ናት። ገሊላ ከኋላ ከአባቷ ጀርባ፣ የተለመደው ቦታዋ።

«ቦታ እንቀያየር» አልኳት።

«ዓሙ» አለችኝ፣ አጎቴ እንደማለት፣ «ይህቺ የኔ ናት።»

«ዛሬ ለኔ አበድሪኝ።»

ተቀያየርን። ምሰሶው ጎኔ ላይ ሆነ። ከካርቱም ከወጣን ወዲህ መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው፣ የጭነት መኪናዎች እየተጋፉ ያልፉናል። በጣቴ ቆርቆር አደረግኩት፤ ባዶ ድምፅ ሰጠ። ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወጥቷል። በያንዳንዱ ጉድጓድ ይከፈታል፣ ይገጥማል። መዳፌን ከደንኩበት። በመዳፍ የሚያዝ ይመስል።

ተድላ መሪውን ወደ ቀኝ እየታገለ ያወራል። ሲፈራ ያወራል፣ ድሮም እንዲሁ ነው።

«በአሥራ አራት ስትለኝ እኮ በፈረንጁ መስሎኝ ነው የሳቅኩብህ። ለሰውም አወራሁ፣ ዐይብ ነው፣ ነውር ነው። በኋላ ለራሔል ብነግራት፣ ‹አንተ ጅል፣ በኛ እኮ ዐምና ማለት ነው› አለችኝ። ወላሂ ደነገጥኩ። ሁዘይፋ ሲዋሸኝ፣ ከዚያ ሁሉ ነገር በኋላ ሐቁን የነገርከኝ አንተ ነህ።» አንድ ጉድጓድ አለፈና ቀጠለ። «ይቅር ብሎኛል ማለት ነው አልኩ። እኔ መጥቼ የመጠየቅ ወኔ አልነበረኝም።»

ስንጥቁን በመዳፌ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት።

«ከዚያ መኪናዋን ልተዋት ነበር» አለ። «ራሔል ግን ቤተክርስቲያን አገኘችህ። በእጄ ነው የሠራኋት አለኝ አለች። ዓለምነህ የበየደው ይለቃል እንዴ? ኻላስ፣ በቃ፣ ገዛኋት።»

ራሔል ዞር ብላ ፈገግ አለችልኝ። ገሊላ ጭኔ ላይ ጋደም ብላ ነበር። መኪናው ዘለለ፣ ስንጥቁ መዳፌ ሥር ተከፈተ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ባያምነኝ ይሻለኝ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ያሳደግኩትን ቂም በአንድ ቃል ምስጋና አድርጎ ወሰደብኝ። ይህም ያናድደኛል። አሁን እንኳ ያናድደኛል።

ሚያዝያ 17፣ መደኒ

ትናንት ከተማው ገብተን የምናድርበት ስንፈልግ የብየዳ ቤት አየሁ። «አቁም» አልኩት።

«ምን ሆንክ?»

«ያልጨረስኩት ሥራ አለ።»

ባለቤቱ ሽማግሌ ሱዳናዊ ናቸው። ከካርቱም መምጣታችንን ሲሰሙ መሣሪያውን ዝም ብለው ወደኔ ገፉልኝ። ባትሪውን ፈታሁ፣ ወንበሩንና ምንጣፉን አወጣሁ፣ ስቱኮውን በመሮ ላጥኩት። እንደ ልስን እየተቆረሰ ወደቀ። ሦስቱ ነጥቦች ወጡ። አንዱ ለቋል።

ተድላ ከጀርባዬ ቆሟል። ሰምከሪ ባይሆንም ዓይን አለው። ሦስት ነጥብ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው።

«ዓለምነህ» አለ ቀስ ብሎ። «ይህን ነው በእጅህ የሠራኸው?»

«አዎ።»

«እያወቅክ?»

«እያወቅኩ። አንተ መኪናዋን ልታይ በመጣህ ማግስት ነው የሸፈንኩት።»

ራሔል ጥላው ውስጥ የልጅቷን ፀጉር እየጎነጎነች ነው፤ አልሰማችም። ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። እንዲመታኝ ፈለግኩ። ጥቂት ቆሞ ወጣ፤ ሄደ አልኩ። ተመልሶ መጣ፣ የእጅ ባትሪ ይዟል። አበራልኝ።

ጭንብሉን ደፍቼ መበየድ ጀመርኩ። ከላይ ወደ ታች፣ ከውስጥም ከውጭም። ስጨርስ ጭንብሉን ገለጥኩና ላቤን ጠረግኩ። እሱ ግን ከታች፣ ከወለሉ አጠገብ፣ እኔ ያላየሁትን ጣት የምታህል ክፍት ቦታ አየ። እጆቹ ተይዘዋል፣ በአንዱ ባትሪውን፣ በአንዱ በሩን ይዟል።

በአገጩ ጠቆመኝ።

እንደዚያን ቀን። ልክ እንደዚያን ቀን ነው። እሱም አወቀው፣ ፊቱ ጠቆረ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ጭንብሌን መልሼ ደፋሁና የቀረውን በየድኩት።

ሚያዝያ 18፣ ገዳሪፍ

ደረስን። ነገ ወደ መተማ እንቀጥላለን። ገሊላ ቦታዋን መልሳ ወስዳለች፣ መንገዱን ሁሉ ጭንቅላቷን ምሰሶው ላይ አስደግፋ ተኝታ መጣች። ቀለም የለውም፣ ጠባሳው እንዳፈጠጠ ነው።

ተድላ ዛሬ ጠዋት ከመነሳታችን በፊት፣ ፊቱን ወደ መሪው እንዳደረገ፣ «የእናትህን ነፍስ ይማር» አለኝ። አምስት ዓመት ዘግይቶ። «ያንተንም ቤት ይጠብቅ» አልኩት።

ይቅር አላልኩትም። ብየዳው ግን ይይዛል።